የማይጠጣው ቀማሽ

በሠፈሩ ልጃቸው አምሽቶ፣ አፉ ሸትቶ የገባባቸው እናቶች ሁሉ የሚጠቅሱት እሱን ነበር። «ሰውዬውን አታየውም? ቀኑን ሙሉ መጠጥ መሀል ይውላል፤ አንድ ቀን ሲንገዳገድ አይተኸዋል?» ይላሉ። እውነትም ሲንገዳገድ ያየው ሰው የለም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማውም የለም። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤቱ ይገባል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ከሚስቱ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ራዲዮ ይሰማል። እንግዲህ በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ በተማሪዎች ፊት፣ ሰካራም ነህ የተባለው ይህ ሰው ነው። ሰው ይህን ሰምቶ ባይናደድ ነው የሚገርመው።

ሥራው ቅምሻ ነው። በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጂኑም ብራንዲውም ጠርሙስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሱ ምላስ ያልፋል። እሱ «ይሁን» ካለ ይታሸጋል፤ ፊቱን ከቋጠረ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሠራተኞቹ ጋሽ ጠብታ ይሉታል። «ዛሬስ ስንት ቀመሱ?» ብለው ሲያሾፉበት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ነው። «ምን ቅምሻ አለ፤ ጠብታ ናት እንጂ!»

ፋብሪካው የገባው በጠርሙስ አጣቢነት ነበር። አንድ ቀን የታጠበ ጠርሙስ አንስቶ አሸተተና «ይሄ ጋዝ ነበረበት» አለ። አጣቢዎቹ ሳቁበት። በአጠገቡ የሚያልፈው የዚያን ጊዜው ቀማሽ ግን አልሳቀም፤ ጠርሙሱን ተቀብሎ አሸተተና ልጁን በክንዱ ይዞት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ አጥቦ አያውቅም።

አሮጌው ቀማሽ ኃይለኛ ነበር። ያስተማረውም አፍንጫን ብቻ አይደለም፤ መዋጥንም ነው። «የመጠጥ ጠባይ የሚታወቀው ጉሮሮ ሲደርስ ነው። አፉ ላይ አንከባሎ የሚተፋ ሰው ምን ያውቃል? ደጃፍ ቆሞ ቤቱን አየሁት እንደሚል ነው» ይል ነበር። በዚያ ቤት መትፋት ነውር ሆነ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ እንግዳ ቀማሽ ከቦርሳው ኩባያ አውጥቶ፣ ቀምሶ ቀምሶ እየተፋ ሲሄድ ሠራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንትፍ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት፣ ሰውዬው ከሄደም በኋላ ለብዙ ጊዜ በምሳ ሰዓት ይሾፍበት ነበር። ጋሽ ጠብታም አብሮ ስቋል። ምን ያድርግ፤ ከሚሳቅበት ጋር ሳይሆን ከሚስቁት ጋር ነበር የቆመው።

ሚስቱ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ ቤቱን ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ስለነበር ጠጪ አላገባም ብላ ምላ ነበር። ሊያገባት የመጣ ዕለት ፊት ለፊት ጠየቀችው። «ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም» አላት።

አልዋሻትም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በእሱ አእምሮ መጠጣት ማለት ሰው ሲደሰት ወይም ሲከፋው ቁጭ ብሎ የሚያደርገው ነገር ነው፤ እሱ ግን ቆሞ ነው የሚሠራው፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። በሠርጉ ቀን እንኳ ለስላሳ ነበር የጠጣው። ቤቱ ውስጥ ጠርሙስ ገብቶ አያውቅም። ሚስቱም ቅምሻውን ከሥራ እንጂ ከመጠጣት ሳትቆጥር፣ ለጎረቤት ሁሉ አፏን ሞልታ «የኔ ባል ጠረኑንም አይወድም» ስትል ኖረች።

ከአንዲት ልጃቸው ሌላ አልወለዱም። ልጅቷ ኬሚስትሪ ተምራ እዚያው ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጠረች፤ አፍንጫዋም የአባቷ ሆኖ ተገኘ። ለእሱ ከዚህ በላይ ኩራት አልነበረም። አጠገቡ አቁሞ ሁሉንም አስተማራት፤ ብርጭቆው እንዴት እንደሚያዝ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚሸተት፣ ከዚያም እንዴት እንደሚዋጥ። ሥራ አስኪያጁ «ወንበሩን ለማን እንደምንሰጥ አወቅን» ብሎ ትከሻውን ሲመታው የዚያን ቀን ማታ ለሚስቱ ሁለት ጊዜ ነገራት።

ሕመሙ ሲጀምረው ሕመም አልመሰለም። ሱሪው እምቢ ይለዋል፤ ሚስቱ ወገቡን ትለቅለታለች። እንደገና እምቢ ይላል፤ እንደገና ትለቃለች። «ተመችቶሃል ልበል!» እያለች ትስቅበት ነበር። የክንዱ ሥጋ እየሟሸሸ ሆዱ ብቻ ለምን እንደሚያብጥ ግን ልብ አላለችም። ከዚያ ምግብ አስጠላው፣ ሌሊት ገላውን ያሳክከው ጀመር፣ ጫማው ጠበበው። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠበትና «ጋሼ፣ ዓይንዎ ምነው እንዲህ ቢጫ ሆነ?» አለው። ከዚያ ወንበር ተነስቶ ነው ሆስፒታል የሄደው። የቅምሻውን ወንበር ልጁ ተረከበችው፤ «እስክትመለስ ነው አባዬ» ብላ።

ያየችው ሐኪም ወጣት ናት። ካርዱ ላይ ስለ ሥራው «የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጥራት ክፍል» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ ራሱ እንዲህ ነበር ያለው፣ ክፍሉም የሚጠራው እንዲሁ ነው። ሐኪሟ መዳፉን ገልብጣ አየች፤ ጠርዝ ጠርዙ ቀልቷል። ደረቱ ላይ ከመሀል ነጥብ ተነስተው እንደ ሸረሪት እግር የተበተኑ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች አገኘች፤ በጣቷ ስትጫናቸው ጠፍተው ስትለቅ ይመለሳሉ። ሆዱን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች፤ ውሃ ቋጥሯል። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችው።

«መጠጥ ይጠጣሉ?»

ሚስቱ ከአፉ ነጠቀችው። «እሱ? ዶክተር፣ ተሳስተሻል። በእሱ አፍ መጠጥ አልፎ አያውቅም!»

«እውነቷን ነው» አለ። «አልጠጣም።»

ሐኪሟ ደም አስቀዳች። በማግስቱ ውጤቱን ይዛ መጥታ ያንኑ ጠየቀችው። ሆዱን በአልትራሳውንድ ካየች በኋላ ደግማ ጠየቀችው። እሱ በትዕግሥት መለሰ፤ ሚስቱ ግን ቆሽቷ አረረ። «ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ? አንዴ አይ ከተባለች አትሰማም? የሰው ስም እስክታጠፋ ነው እንዴ?» ትላለች፣ ከጎን ያሉት ሕመምተኞች እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

ስም ያጠፋው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ላይ ትልቁ ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ የተኛውን ሰው አንዴም አላየውም። «የአልኮል ጉበት ነው። ምን ያከራክራል?» አለ። ወጣቷ ሐኪም አልጠጣም እንደሚል ስትነግረው ትልቁ ሐኪም ፈገግ አለና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት። ሰካራም ጠጣሁ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ተማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ።

ደሙ ፈላ። ዕድሜውን ሙሉ ቃሉን የሚጠራጠር ሰው አላጋጠመውም፤ እሱ «ይሁን» ያለው ይሆናል፣ «አይሆንም» ያለው አይሆንም። አሁን አንድ ሰው፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቀው፣ በጨዋነት የኖረውን ዕድሜ በአንድ ሳቅ ደመሰሰው። መርፌውን ከክንዱ ሊነቅል ሲታገል ነርሷ ደረሰችበት። «ተዪኝ! ቤቴ ሄጄ ልሙት! ሰካራም ተብዬ እዚህ ከምድን፣ ሳልድን ቤቴ ልሙት!» ይላል። ሚስቱ ልብሱን እየሰበሰበች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰችም ትሳደባለች።

ወጣቷ ሐኪም ይህን ሰምታ ተመልሳ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ከዚያ መሄድ ከፈለጉ አልይዝዎትም» አለችው። «ደም ብቻውን አፍ አውጥቶ ይሄ ሰው ጠጪ ነው አይልም። የምናደርገው ሌላውን ሁሉ እያጣራን ማስወጣት ነው። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚፈሱ ሁለት ኢንዛይሞች አሉ። በብዙው የጉበት በሽታ አንደኛው ነው የሚበልጠው፤ አልኮል ሲሆን ግን ሁለተኛው በእጥፍ ይበልጣል። የእርስዎም እንደዚያ ነው። ቀይ የደም ሴሎችዎ ከልክ በላይ ተልቀዋል፤ ይሄም አልኮል የሚያደርገው ነገር ነው። ደም የሚያረጋው ነገር ቀንሷል፤ ጉበት ነው የሚሠራው፣ አቅም አንሶታል ማለት ነው። ቫይረስ ፈለግኩ፤ የለም። ጉበትዎ ላይ ብረት ተከማችቶ እንደሆነም፣ ሰውነትዎ ራሱን እየተዋጋ እንደሆነም ፈለግኩ፤ የለም። ስኳር የለብዎትም፤ ውፍረትም ያለብዎት ሰው አይደሉም። ጎንዎ ላይ ተደርጎ ጠቅ ጠቅ ያደረገዎት መሣሪያ ደግሞ ጉበቱ ለስላሳ መሆኑን ወይ መድረቁን ነው የሚለካው። የእርስዎ ደርቋል። ጠባሳ ሆኗል።»

«እና እኔም ሰካራም ነህ ልትዪኝ ነው።»

«አይደለም። የሚዋሹኝ አይመስለኝም። ያልጠየቅኩት ነገር ያለ ነው የሚመስለኝ። ፋብሪካው ውስጥ ምን ኬሚካል ይነካሉ?»

«ምንም አልነካም።»

«ታዲያ ጥራት ክፍል ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቅምሻ ነዋ!» አለ፣ ይህ እንኳ እንዴት ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

«ምንድን ነው የሚቀምሱት?»

«የምናመርተውን። ጂን፣ ብራንዲ።»

ሚስቱ ልብስ ማጣጠፏን አቆመች።

«ይተፉታል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! የሚተፉ ሌሎች ናቸው» አለ፣ ትንሽ ተቆጥቶ።

ሐኪሟ ተነስታ ሄደች። ስትመለስ በአንድ እጇ የውሃ ጆግ፣ በሌላው ባዶ ጆግና መድኃኒት የሚለካባት ትንሽ ኩባያ ይዛለች። «አንድ የሥራ ቀንዎን ያሳዩኝ» አለችው። «በአፍዎ የሚይዙትን ያህል እየቀዱ ወደ ባዶው ይጨምሩ። ምንም አይቀንሱ።»

እሱ በሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋልና ተስተካክሎ ተቀመጠ። ይህች ጠዋት ከመጀመሪያው በርሜል ናት። ይህች ከሁለተኛው፤ በርሜሎቹም አንድ ባንድ ይቀመሳሉ። አንዱ ካጠራጠረው ይደገማል። ከዚያ ቅልቅሉ፤ አንዱ ከሌላው ሲገናኝ ጠባዩ ይለወጣል። ከዚያ ውሃ ከተጨመረ በኋላ። ከዚያ ከምሳ በኋላ፣ ማጣሪያውን ሲያልፍ። ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ደግሞ። የድሮውን ከአዲሱ ለማስተያየት ከሁለቱም። እንግዳ ካለ ከእንግዳው ጋር። ሲቀዳ ስለ እያንዳንዷ ጠባይ እያወራ ነበር፤ ስለዚህ ጆጉን አላየም። ሚስቱ ናት ያየችው። ባዶ የነበረው ጆግ እየሞላ፣ እየሞላ መጥቶ ጎኑ ላይ ከተሰመረው የልክ ምልክት በላይ ሲደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በስንት ጊዜ ነው ይሄ? በወር?» አለች።

«በቀን» አላት ሐኪሟ።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ ጆጉን አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ እንደ ተከሳሽ፣ «አንቺ የሰፋሽውን ልብስ ሁሉ ለበሰችው ይባላል?» አላት። ቅስሙ ተሰብሮ ነበር።

ሐኪሟ ሳትደባብቅ ነገረችው። ጠባሳ የሆነው ጠባሳ ነው፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንኳ ካልገባች የቀረው ጉበት ብዙ ዓመት ሊያኖረው ይችላል። አለመስከር ምንም ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ ስለለመደው ነው ያልሰከረው፣ ጉበቱ ግን እያንዳንዷን አስተናግዷል። እሱ ስለ ራሱ የሰማ አይመስልም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ልጄስ? ወንበሬ ላይ ያለችው ልጄ ናት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«ሴት በትንሹ፣ ደግሞም በፍጥነት ነው የምትጎዳው» አለች ሐኪሟ። «አምጥተው ያሳዩኝ። አሁን ከተወች ምንም ላይሆን ይችላል።»

በስልክ ሲያገኛት ልጅቷ ሳቀች። «አባዬ፣ ምን ነካህ? አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ሳልውጥ እንዴት እለየዋለሁ? በዚያ ላይ ነገ ትልልቅ ገዢዎች ይመጣሉ፤ ሥራ አስኪያጁ በእኔ ተማምኖ ነው። አንተ ብቻ ተሻለህ ተነስ።» ደግሞ ሊናገር ሲል እየጠሩኝ ነው ብላ ዘጋችው።

በጠያቂ ሰዓት ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ፤ የፍራፍሬ ዘንቢል ይዞ፣ ሽቶው ክፍሉን ሞልቶት። ጋሽ ጠብታ ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ጆጉም፣ ስለ ጠባሳውም። ይደነግጣል ብሎ ነበር የጠበቀው። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ግን አይደነግጥም።

«አዎ፣ ሌላ ቦታማ ይተፋሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የትም ብሄድ ሲተፉ ነው የማየው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ጋሼ፣ ይህን የማያውቅ አለ? ግን መቼ ዋጡ አልን? መቼስ አትትፉ አልን? የእናንተ ወግ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እንግዳ ፊት ሲተፋ አያምርም፤ ገዢ ምን ይላል?» ከዚያ ድምፁን አለስልሶ «ደግሞ አይዞህ፣ ልጅህ ተአምር ናት። አንተን አስረስታናለች» አለና ዘንቢሉን ኮመዲኖው ላይ አስተካክሎ ሄደ።

ሚስቱ ዘንቢሉን አንስታ ከነፍራፍሬው ኮሪደሩ ላይ ወረወረችው። ብርቱካኑ እየተንከባለለ ከትልቁ ሐኪም በር ሥር ገባ። ማንም አላነሳውም።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ «የት ነው?» ብትል «መጣሁ» ብቻ ብሎ፣ በሆስፒታሉ ነጠላ ጫማ፣ ሱሪውን በመቀነት አስሮ ወጣ። ሚስቱ በታክሲው ውስጥ ከጎኑ ደግፋው ተቀመጠች። በረኛው «ጋሽ ጠብታ!» ብሎ ሊያቅፈው ሲል ፊቱን አየና እጁን ሰበሰበ።

የቅምሻው ክፍል በር ክፍት ነበር። ገዢዎቹ በግማሽ ክብ ቆመዋል፤ ሥራ አስኪያጁ መሀል ላይ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል። ልጁ፣ በነጭ ካፖርት፣ የመጀመሪያውን አንስታ አሽታ አፏ ውስጥ አድርጋዋለች።

«ትፊው!» አለ ከበሩ ላይ።

ሁሉም ዞሩ። ልጅቷ አባቷን አየች፤ ሥራ አስኪያጁን አየች፤ ገዢዎቹን አየች። ዋጠችው። «አባዬ፣ እንግዶች አሉ» አለች ቀስ ብላ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ።

«ይቅርታ፣ አንጋፋው ቀማሻችን ናቸው፤ ትንሽ አሟቸው ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ እንግዶቹ እየሳቀ።

ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው ጮኸ። «ትንሽ አይደለም ያመመኝ!» ሸሚዙን ገለጠው። የተወጠረው ሆዱ፣ የወጣው እምብርቱ፣ ቀይ ሥሮች የተበተኑበት ቢጫ ደረቱ፣ ሁሉም ታየ። «ይሄን ተመልከቱ! ይሄ የዚህ ቤት ምርት ነው! ጠጥቼ አይደለም፤ አንድ ቀን ሰክሬ አላውቅም፤ ሠርቼ ነው! እየሠራሁ ነው ጉበቴን ያደረቅኩት! ይሄ ሰው ደግሞ ያውቅ ነበር! እያወቀ ልጄን ወንበሬ ላይ አስቀመጠብኝ!» ሚስቱ ከኋላው ያዘችው።

ልጅቷ የአባቷን ሆድ ከታመመ ወዲህ በልብስ ተሸፍኖ እንጂ እንዲህ አይታው አታውቅም። ከገዢዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እሺ፣ በቃ፤ ሰው ይጠብቀናል። ቀጥዪ» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ።

ልጅቷ ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሳች። ወደ አፏ ግን አልወሰደችውም። ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ዛሬ እርስዎ ይቅመሱት» አለችው። «ግን ይዋጡት።»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ገዢዎቹ ሁሉ እያዩት ነው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው፤ መልሶ ዝቅ አደረገው። ሁሉም ይጠብቃሉ።

«እኔ እንኳ…» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ለጤናዬ ስል አልወስድም።»

ልጅቷ ነጭ ካፖርቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና አባቷን በአንድ ጎን ያዘችው፤ እናቷ በሌላው ጎን ነበረች። በዝግታ ወጡ፤ እሱ በፍጥነት መራመድ አይችልም ነበር።